ርዝመቱ ነው የሚወደደው፦ የቻይናን ተከታታይ የኦንላይን ልብ ወለዶች ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ነበር። በኢንተርኔት በየቀኑ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚወጡትን የቻይና ልብ ወለዶች የሚነቅፍ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼን ነው። ድርሰቶቹ በቃላት ብዛት ስለሚከፈልባቸው ያለቅጥ ይንዛዛሉ። ሁሉም አንድ ታሪክ ናቸው፤ የተናቀ ልጅ ኃይል አግኝቶ የናቁትን ይበቀላል። አንባቢው ከኑሮው የሚሸሽ ሥራ ፈት ወጣት ነው። በእንግሊዝኛ የምናነበው ትርጉም ለዛ የለውም። ደራሲው የአንባቢን ፊት እያየ ስለሚጽፍ የራሱ ሐሳብ የለውም። ከዐሥር ዓመት በኋላም የሚያስታውሳቸው አይኖርም።

ጸሐፊው ንባብን የሚወዱ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። ግን ሰው እነዚህን ሥራዎች ምናቸውን እንደሚወድ ቆም ብለው የጠየቁ አይመስለኝም። እኔ ለዓመታት ያነበብኳቸው፣ ዛሬም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የማነባቸው ናቸው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከገንዘቡ ልጀምር። በቃላት ብዛት ይከፈላል የሚለው እውነት ነው። ቺዲየን የተባለው የቻይና የሥነ ጽሑፍ ድረ ገጽ በ2002 ተከፈተ። በ2003 ደግሞ አዲስ አሠራር አመጣ። የታሪኩ መጀመሪያ በነፃ ይነበባል፤ ታሪኩ ሲሞቅ የሚቀጥለው በክፍያ ይሆናል። ዋጋው መጀመሪያ ላይ በሺህ የቻይና ፊደል 2 ወይም 3 ፌን ነበር። ፌን የዩዋን መቶኛ ነው። አንድ ምዕራፍ ብዙ ጊዜ ከ2000 እስከ 3000 ፊደል ስለሚሆን፣ አንባቢው ለአንድ ምዕራፍ የሚያወጣው የአንድ ዩዋን ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም ነበር።

ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው፣ እንዲህ ያለ ክፍያ ደራሲውን ወደ ማንዛዛት ይገፋዋል ይላሉ። ይገፋዋል፤ አልክድም። ጀግናው አንዴ እጁን ባነሳ ቁጥር ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ሕዝቡ አፉን ከፍቶ ሲያደንቅ የሚውልበት ድርሰት አለ። ያንን ማንም አይወደውም፤ ዘለን ነው የምናልፈው። ግን ጸሐፊው የክፍያውን ሌላ ጎን አላዩትም። መጽሐፍ ስንገዛ የምንከፍለው ሳናነበው ነው። ባይጥመንም ገንዘባችን አይመለስም። እዚህ ግን አንባቢው የሚከፍለው ለዛሬዋ ምዕራፍ ብቻ ነው። ካሰለቸችው ነገ አይመለስም። ደራሲው ዛሬ ያንዛዛው ነገር ነገ ከራሱ ኪስ ይጎድላል። ሺኛው ምዕራፍ ላይ የደረሰ አንባቢ ማለት ሺህ ጊዜ «ልቀጥል» ብሎ የወሰነ አንባቢ ነው። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ዳኛ የትኛው ደራሲ አለው?

ደግሞም ታሪክን ቆርሶ ቆርሶ ማቅረብ ዛሬ የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲክንስ በ1836 የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ማውጣት የጀመረው በየወሩ በሚሸጥ ክፍል ነው። የሆንግ ኮንጉ ጂን ዮንግ ከ1955 ጀምሮ የሰይፈኞች ታሪኮቹን በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ነበር የሚያወጣው። በ1959 ሚንግ ፓኦ የተባለውን ጋዜጣ ሲመሠርት ጋዜጣውን በእግሩ ያቆሙለት እነዚያ ታሪኮች ናቸው። እኛም አገር ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሰው ሰዓቱን እየጠበቀ ነበር የሚሰማው። ያንን ጊዜ የሚያስታውሱ ሰዎች ዛሬም ስለ ትረካው ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ያስደሰታቸው ታሪኩ ብቻ አልነበረም፤ መጠበቁም ነበር።

ዋናው ነጥቤም እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊው ርዝመቱን አንባቢው ታሪኩን ለማግኘት የሚከፍለው ዕዳ አድርገው ያዩታል። እኔ ደግሞ ርዝመቱ ራሱ ነው የሚወደደው እላለሁ። ነገሩ እንዲታይ አንዱን ቀረብ አድርጌ ላሳይ።

«ባትል ስሩ ዘ ሄቨንስ» ከ2009 እስከ 2011 በየቀኑ የወጣ፣ ከ1600 በላይ ምዕራፍ ያለው ድርሰት ነው። ደራሲው ቲየንጻን ቱዶው በሚል የብዕር ስም ይታወቃል። ታሪኩ የሚከፈተው የልጆች አቅም በሚለካበት ድንጋይ ፊት ነው። ሺያው ያን ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ተራው ደርሶ ይለካል። ድንጋዩ ላይ ውጤቱ ይበራል፦ ሦስተኛ እርከን። ዘመድ አዝማድ ይስቃል። ይኼ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት የጎሳው ብርቅ ነበር። ኃይሉ በድንገት ጠፋ፤ ለምን እንደጠፋ ማንም አያውቅም።

ቀጥሎ ከልጅነቱ የታጨችለት ናላን ያንራን ትመጣለች። ብቻዋን አይደለም፤ ከትልቅ ቤት ሰዎች ጋር ነው። እጮኝነቱ ይፍረስ ትላለች። የጎሳው መሪ የሆነው አባቱ በገዛ አዳራሹ፣ በገዛ ሽማግሌዎቹ ፊት ይዋረዳል። ልጁ ይኼን ሲያይ ብዕር ያነሳል። የማፍረሻውን ወረቀት እሷ ሳትሆን እሱ ይጽፍላታል። መዳፉን ቆርጦ በደሙ ያትምበታል። ከዚያም ዛሬ ቻይና ውስጥ ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን አባባል ይናገራል፦ ሠላሳ ዓመት ከወንዙ ምሥራቅ፣ ሠላሳ ዓመት ከወንዙ ምዕራብ፤ ወጣቱን በድህነቱ አትናቁት። ቢጫ ወንዝ መንገዱን ይቀይራል። ከወንዙ በስተምሥራቅ የነበረ መንደር ከዓመታት በኋላ በስተምዕራብ ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ልጆች ከሦስት ዓመት በኋላ ሊፋለሙ ቀጠሮ ይይዛሉ።

በሦስት መቶ ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ቢሆን ኖሮ «ከሦስት ዓመት በኋላ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፍ ነበር። እዚህ አይታለፍም። ሦስቱን ዓመት አብረን ነው የምንገፋው። መድኃኒት መቀመም ሲማር እናያለን። የቀመመውን ሸጦ ለሚቀጥለው መግዣ ሲያጠራቅም እናያለን። በረሃ ውስጥ ሊገድለው የሚችል እሳት ሊውጥ ሲል ትንፋሻችንን ይዘን እናነባለን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ቀኑ ደርሶ መሣሪያው የሆነውን ከባድ ጥቁር ብረት ጀርባው ላይ አዝሎ፣ ናላንን ሊፋለም የተራራውን የድንጋይ ደረጃ ሲወጣ፣ አንባቢውም በመቶዎች ከሚቆጠሩ ምዕራፎች በኋላ ነው እዚያ የደረሰው። የራሱም ወራት አልፈዋል። ምናልባት በመሐል ሥራ ቀይሯል፣ ቤት ቀይሯል። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ላይ የሚሰማው ስሜት ባጭር መጽሐፍ የሚገኝ አይደለም። ጸሐፊው «አንባቢው ምኑን ይወዳል?» ብለው ቢጠይቁኝ መጀመሪያ የምጠቁማቸው ያንን የደረጃ ትዕይንት ነው።

«ሁሉም አንድ ታሪክ ናቸው» ወደሚለው ልለፍ። ጸሐፊው አንዱን ድርሰት ሃያ ምዕራፍ ያህል አንብበው እንደተዉት ጽፈዋል። በሃያ ምዕራፍ የሚታየው አጥንቱ ብቻ ነው። አጥንቱ መመሳሰሉን አልክድም። የሺያው ያን አጀማመር ስንት ጊዜ እንደተቀዳ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። እነዚህን ድርሰቶች የሚያነብ ሰውም ይኼን አሳምሮ ያውቃል። የተናቀው ልጅ ቀን እንደሚወጣለት ገና ሳይጀምር ያውቀዋል። የሚያጓጓው መድረሱ ሳይሆን አደራረሱ ነው።

ደግሞ ሁሉም ያንን መንገድ የያዙ አይደሉም። ሃይ ያን የጻፈችው «ኒርቫና ኢን ፋየር» በ2006 በኢንተርኔት ነው መውጣት የጀመረው። በ2015 በቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ብዙ አገር ታይቷል። ዋናው ሰው ሜይ ቻንግሱ ሰይፍ ማንሳት አይችልም። በሽተኛ ነው፤ ብርድ ሲነካው ያስለዋል፤ እሳት ዳር ካባ ለብሶ ነው የሚቀመጠው። በሐሰት ከሃዲ ተብለው ያለቁ ሰባ ሺህ ወታደሮች አሉበት፤ እሱም ከመካከላቸው የተረፈ ነው። የሚፈልገው ሰው መግደል አይደለም። ፍርዱ በአደባባይ እንደገና እንዲታይ ነው የሚፈልገው። ለዚህም ስሙን ቀይሮ ወደ ዋና ከተማው ይገባል፤ የድሮ ወዳጆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አያውቁትም። ይኼ የጡጫ ታሪክ ነው የሚል ሰው አላነበበውም።

«ሎርድ ኦፍ ሚስተሪስ» ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ከ2018 እስከ 2020 ነው የወጣው። አንድ የዘመናችን ቻይናዊ ወጣት ሲነቃ ራሱን በሌላ ሰው ገላ ውስጥ ያገኘዋል። ጭንቅላቱን አሞታል። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አለ። መስታወት ሲያይ ጆሮ ግንዱ ላይ የጥይት ቁስል አለ። ውጭ ቀይ ጨረቃ ወጥታለች። ከተማው የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝን ይመስላል፤ የእንፋሎት ማሽን፣ የጋዝ መብራት፣ የፈረስ ሰረገላ።

እኔን የያዘኝ ግን ምትሃቱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ውስጥ የቤት ወጪ አለ። 12 ፔንስ አንድ ሶሊ ነው፤ 20 ሶሊ አንድ ፓውንድ ነው። ክላይን የተባለው ይኼ ሰው የዳቦ ዋጋ ይቆጥራል፣ የቤት ኪራይ ያሰላል። እህቱ ሜሊሳ የሰረገላ ሒሳብ ለመቆጠብ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ወንድሙ ለቤተሰቡ ሲል ጥርሱን ነክሶ ይሠራል። ሥጋ የተገዛበት ቀን በዓል ነው። ክላይን የመጀመሪያ ደመወዙን ይዞ ሲመጣ አብረነው ነው የምንደሰተው፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት እያንዳንዷን ፔኒ አብረነው ቆጥረናል። ከምትሃቱ በፊት ሰዎቹን አስወደደን። በኋላ አደጋው ሲመጣ የምንጨነቀው ለዚያ ነው።

ምትሃቱም ቢሆን ሕግ አለው። ኃይል የሚገኘው የተቀመመ ምትሃታዊ መጠጥ በመጠጣት ነው። መጠጡ ስም አለው፦ ጠንቋይ፣ ቀልደኛ፣ አስማተኛ። የጠጣ ሰው እንዳያብድ የስሙን ባሕርይ እየኖረ መጠጡን ማዋሃድ አለበት። ስለዚህ ቀልደኛ የሆነ ሰው ልቡ እየተሰበረ ፊቱን ፈገግ ማድረግ ይማራል። ይኼ ሐሳብ ከአንደኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ የት እንደሚደርስ ያነበበ ያውቀዋል፤ ላላነበበ አላበላሽበትም። ሕጉ አንዴ ከተነገረ አይሻርም። አንባቢው ምዕራፍ ዐሥር ላይ ያየውን ፍንጭ ምዕራፍ ስምንት መቶ ላይ ሲያገኘው ደራሲው እንዳላታለለው ያውቃል። ይኼን መተማመን ነው አንባቢው በየቀኑ እየተመለሰ የሚከፍልበት።

ሦስተኛው ክስ፣ አንባቢው ከኑሮ የሚሸሽ ሥራ ፈት ነው የሚለው፣ ውኃ አይቋጥርም። በ2023 መጨረሻ በቻይና የኦንላይን ሥነ ጽሑፍ ተጠቃሚዎች ከ500 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ግማሽ ቢሊዮን ሥራ ፈት የሞላበት አገር ፋብሪካውን ማን ያንቀሳቅሰዋል? ሰዉ የሚያነበው በባቡር ነው፣ በምሳ ሰዓት ነው፣ ልጁን አስተኝቶ ነው። በ2003 የተመሠረተው ጂንጂያንግ የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ በዋናነት ሴቶች የሚጽፉበትና ሴቶች የሚያነቡበት ነው። ጸሐፊው ስለ እነሱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

እና መሸሽ ነው የሚሉት የትኛውን ነው? ሺያው ያን የተለካበት ያ ድንጋይ ምን እንደሆነ ለቻይና ልጅ አይነገረውም። ጋውካው የሚባለው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ያ ቁጥር አንተ ነህ ይባላል። ዘመድ በቁጥሩ ያይሃል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤቱን ስልኩ ላይ እየተንቀጠቀጠ የከፈተ ሐበሻም ያንን ድንጋይ ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። እነዚህ ድርሰቶች ያንን ፍርሃት ፊት ለፊት ነው የሚያነሱት። ቁጥሩ የመጨረሻ ቃል አይደለም የሚል ታሪክ ማንበብ ሽሽት ከተባለ፣ እንግዲህ ይባል።

ስለ ትርጉሙ ብዙ አልልም፤ ግማሹን እስማማለሁ። በማሽን ተተርጉሞ ማንም ሳያየው የሚለጠፍ ነገር አለ። «እሱ» እና «እሷ» ይምታታሉ፣ የሰው ስም በየገጹ ይቀየራል። እሱን ማንበብ ዓይን ማድከም ነው። ግን ጸሐፊው ሁሉንም በአንድ ከረጢት ከተቱት። ዉሺያወርልድ የተባለውን ድረ ገጽ በ2014 መጨረሻ የመሠረተው የአሜሪካ ዲፕሎማት የነበረ ትውልደ ቻይናዊ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ለቆ ሙሉ ጊዜውን ለትርጉም ሰጠ። አንባቢዎች ከየአገሩ ገንዘብ እያዋጡ ተጨማሪ ምዕራፍ ያስተረጉሙ ነበር። ተርጓሚዎቹ ግርጌ ላይ ማስታወሻ ይጽፋሉ። አንድ ሊ ግማሽ ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ጊዜ አንድ ዘንግ ዕጣን ነዶ እስኪያልቅ ተብሎ እንደሚለካ፣ ዳኦ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከእነሱ ነው። ለዛ የለውም የተባለው ትርጉም ይኼን ሁሉ ሰው አስተምሯል።

ደራሲው የአንባቢን ፊት እያየ ይጽፋል የሚለው ይበልጥ ያሳዘነኝ ነጥብ ነው። እኔ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ስለሆነ ነው። በቺዲየን መተግበሪያ ላይ አንባቢ በእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር አስተያየት መጻፍ ይችላል። አንዱ «ይኼ ሰውዬ ምዕራፍ 40 ላይ የታየው ነው» ይላል። ሌላው «አይደለም፣ ቀለበቱን እዩ» ይላል። የታሪኩን ዓለም ካርታ የሚሥል አለ። የገንዘቡን ምንዛሪ አስልቶ ደራሲውን የሚያርም አለ። አንድ ገጸ ባሕርይ ሲሞት በዚያች አንቀጽ ሥር የሐዘን መልእክት ይደረደራል። ብቻህን አልጋህ ላይ ተኝተህ እያነበብክ ብቻህን አይደለህም።

ይኼ ደራሲውን ባሪያ ያደርገዋል? ደካማውን ያደርገው ይሆናል። ጎበዙ ግን ከአንባቢው አንድ እርምጃ ቀድሞ መሄድ አለበት፤ ምክንያቱም ሺህ ሰው ተሰብስቦ እየገመተበት ነው። ደብቆ የተከለውን ፍንጭ ይቆፍሩታል። በዚህ ሁሉ ዓይን ሥር አንባቢውን ያስደነገጠ ደራሲ የራሱ ሐሳብ የለውም ማለት አይቻልም። የእንግሊዝኛ አንባቢዎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። የዛሬዋ ምዕራፍ ልብ ሰቅላ ስታቆም ከምዕራፏ ይልቅ ክርክሩ የሚጣፍጥበት ቀን አለ።

ይረሳሉ የሚለውን ባጭሩ ልለፈው። በ2022 የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት 16 የቻይና የኦንላይን ልብ ወለዶችን በስብስቡ ውስጥ አስገብቷል። ማዎ ኒ በ2007 በኢንተርኔት መጻፍ የጀመረው «ጆይ ኦፍ ላይፍ» በ2019 ድራማ ሆነ፤ የድራማው ሁለተኛ ክፍል በ2024 ወጣ። ዐሥር ዓመት ካለፈ ቆይቷል።

ጸሐፊው ሊነቅፉት ሲገባ ያልነኩት ነገር ግን አለ። የደራሲዎቹ ድካም ነው። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ይጽፋሉ። ታንግ ጂያ ሳን ሻው የተባለው ደራሲ ለዓመታት አንድም ቀን ሳያቋርጥ በመጻፉ ነው ስሙ የሚነሳው። እሱ ሀብታም ሆነ። አብዛኛው ግን ታሞም ይጽፋል፣ ሐዘን ላይ ሆኖም ይጽፋል፤ ካቆመ አንባቢው ይሄድበታል። በ2020 ቺዲየንን የሚያስተዳድረው ዩዌን የተባለው ኩባንያ ያቀረበው ውል የድርሰታችንን መብት ይወስድብናል ብለው ብዙ ደራሲዎች ተቆጡ። ሜይ 5 ቀን ምዕራፍ ላለማውጣት ተጠራርተው ብዕራቸውን አስቀመጡ። በየቀኑ መውጣት ልማዱ በሆነበት ሥራ ውስጥ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ኩባንያው በሚቀጥለው ወር አማራጮች ያሉት አዲስ ውል ለማቅረብ ተገደደ።

እኔ የምወደው ደስታ በማን ጉልበት እንደሚመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንድ ምዕራፍ ስትሸጥ ከዋጋው ስንቱ ለጻፈው ሰው እንደሚደርስ፣ ድራማ ሲሠራበት ደራሲው ምን እንደሚያገኝ፣ ታሞ ለሚያቆም ሰው ምን እንደተዘጋጀለት። ጸሐፊው ብርቱ ብዕር አላቸው። ብዕራቸውን ከአንባቢው ላይ አንስተው ወደዚያ ውል ቢያዞሩት ጽሑፋቸውን መጀመሪያ የማጋራው እኔ ነኝ።